«እጄ አይጣፍጥም» አለችኝ፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አራት ኪሎ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ፒያሳ ነው። ቢሮ ውስጥ አምስት ሴቶች ነን። ምሳችንን ከቤት ቋጥረን እንመጣና ምሳ ዕቃዎቻችንን መሃል አድርገን አብረን እንበላለን። እኔ ሽሮ ያመጣሁ ቀን የሌላው ሰው ምሳ ሳይነካ ይቀራል። ሽሮው የእናቴ ነው። እናቴ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ሸጣ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ፒያሳ ነው። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፤ ደንበኞቿም አብረው ተበተኑ። አሁን ኮንዶሚኒየም ገብታለች። የቀሩት ደንበኞቿ በስልክ ያዟታል። ልኩን ለማንም ነግራ አታውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሙያ በልብ ነው»።

ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛ አለችኝ። ድሬዳዋ ነው ያደገችው። ካገባች ዓመት አልሞላትም። አምና እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ሁለት ሌሊት አብራኝ ያደረችው እሷ ናት። ሁዳዴ እንደገባ «ቅዳሜ የባሌ እናት ይመጣሉ። ያንቺን ሽሮ ልሥራላቸው፤ አሠራሩን ጻፊልኝ» አለችኝ። እንቢ ማለት አቃተኝ። ጻፍኩላት። ግን ሆን ብዬ አጎደልኩት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በደንብ መቁላላት እንዳለበት አልጻፍኩም። መከለሻውን ተውኩት። «የምን ሽሮ ልግዛ?» ስትለኝም «ከየትም ግዢ፣ ያው ነው» አልኳት።

ሰኞ ዕለት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አማቷ ሁለቴ ጎርሰው «ልጄ፣ ዛሬ ደክሞሻል መሰለኝ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እንደጻፍሽልኝ ነው የሠራሁት። በቃ፣ እጄ አይጣፍጥም ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ይዛ አትመጣም። በፊት ምስር ሳምቡሳ ስታመጣ እንሻማ ነበር፤ አሁን እሱንም ትታዋለች። ስንጠራት «አልራበኝም» ትላለች።

ልንገራት? ትጠላኛለች ብዬ እፈራለሁ። ሙሉውን ልስጣት? የእናቴን እንጀራ አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኛል። ነገሩ ሽሮ ስለሆነ ለሰው ባወራው ይስቅብኛል። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

ጎደሎ የሰጠሁት፣ ከአራት ኪሎ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አልሳቅኩም። ሽሮ በብዙዎቻችን ቤት የዘወትር ወጥ ነው። ዘወትር በሚበላ ነገር ላይ የመጣ ቅሬታ ደግሞ ዘወትር ይቀሰቀሳል። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር የሷን ባዶ ቦታ ታያለሽ። እንቅልፍ ብታጪ አይገርመኝም።

ከጻፍሽው ሁሉ እኔን የያዘኝ «እጄ አይጣፍጥም» ያለችው ነው። እኛ ጋ ወጥ የሚጥምላትን ሴት «እጇ ይጣፍጣል» እንላታለን። ሙገሳው ለእጇ ነው፤ አብሯት የተወለደ ይመስል። ስለዚህ ወጡ አልጥም ሲል ጓደኛሽ የሰጠሻትን ወረቀት አልጠረጠረችም። ጠርጥራ ቢሆን ኖሮ መጥታ ትጠይቅሽ ነበር። የጠረጠረችው እጇን ነው። ያውም በትዳሯ መጀመሪያ፣ አማቷ ፊት። መከለሻ ነገ ከፈለገችበት ቦታ ትገዛለች። በእጇ ላይ የነበራትን እምነት ግን የሚሸጥላት የለም። ለምን እንደጠፋባት የምታውቂው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ፣ መመለሱም በአንቺ ላይ ወድቋል።

ይህን የምልሽ ክፉ ነሽ ለማለት አይደለም። ይሉኝታ ያዘሽ። አፍሽ እሺ አለ፣ እጅሽ ግን እንቢ አለ። ወረቀቱ ላይ የጎደለው ያ እንቢታ ነው። ሆስፒታል አብራሽ ላደረች ሰው «ይህን አልሰጥሽም» ማለት በጣም ይከብዳል። ይገባኛል።

እናትሽንም እረዳቸዋለሁ። ቤቷ ሆና ሽሮ የምትሸጥ ሴት ታፔላ የላትም። ታፔላዋ ጎረቤቷ ነው። አንዷ ቀምሳ ለሌላዋ ትነግራለች፣ ሌላዋ ለእህቷ ትልካለች፣ እንዲህ እያለ ቤት ይቆማል። ሰፈር ሲፈርስ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሄደ። እናትሽ ከፒያሳ ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ቢኖር ልካቸው ነው። ሰው የቀረውን ነገር አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። «ሚስጥር ምን ያደርጋል፣ አካፍዪ» ብዬ በቀላሉ ልመክርሽ የማልችለው ለዚህ ነው።

እስኪ ግን የደበቅሻቸውን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። የመጀመሪያው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ነው። ይህ የእናትሽ ሚስጥር ነው? የሁሉም እናት ነው። ቁሌት ባለቤት የለውም። ሁለተኛው መከለሻ ነው። ኮረሪማውም፣ ቁንዶ በርበሬውም፣ ቅርንፉዱም ሾላ ገበያ ወይም መርካቶ በግልጽ ይሸጣል፤ ተደባልቆ ተፈጭቶም ይገኛል። እናትሽ የራሳቸው ድብልቅ ካላቸው ድብልቁ የሳቸው ይሁን። «መጨረሻ ላይ መከለሻ ጣል አድርጊበት» ማለት ግን ማንንም አይጎዳም ነበር።

የእናትሽ የሆነው ሦስተኛው ነው፤ ሽሮው ራሱ። አተሩና ሽምብራው ስንት በስንት እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚታመስ፣ ከተከካ በኋላ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ በርበሬው በምን ልክ እንደሚገባ። ከዚያ ማድረቁ፣ ወፍጮ ቤት ወስዶ ቆሞ ማስፈጨቱ። ይህ የቀናት ድካምና የዕድሜ ልክ ዕውቀት ነው። ይህን ሳታስፈቅጂ መስጠት የለብሽም። ግን ልብ ብለሽ ከሆነ ጓደኛሽ ይህን አልጠየቀችሽም። ወፍጮ ቤት ልትሄድ አላሰበችም። የጠየቀችሽ ሽሮውን እንዴት ወጥ እንደምታደርጊው ነው። «የምን ሽሮ ልግዛ?» ስትልሽም «የእናቴን» ብትያት እናትሽ በዚያው ቀን አንድ ደንበኛ ያገኙ ነበር። ወጡ ሲሳካላት ደግሞ አማቷ «ሽሮውን ከየት አገኘሽው?» ማለታቸው አይቀርም። ፒያሳ የፈረሰው ታፔላ እንዲህ ነበር የሚሠራው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ለኔ እንድትመልሺ አይደለም፤ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ አስቢበት። ያን ወረቀት ስትጽፊ የፈራሽው ለእናትሽ እንጀራ ብቻ ነው? ወይስ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ወዳንቺ ምሳ ዕቃ የሚዞርባት ያቺ ደቂቃ እንዳትቀርብሽም ፈርተሽ ነበር? እንዲህም ከሆነ አትፈሪው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ «ጎበዝ» የሚለው ላጣ ሰው፣ የምሳ ሰዓት ሙገሳ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ሁለቱን ፍራቻዎች ለይተሽ ብታውቂያቸው፣ ለእናትሽ ብለሽ ያደረግሽውንና ለራስሽ ብለሽ ያደረግሽውን አታምታቺም።

ልንገራት ወይ ላልሽው፣ እኔ ንገሪያት እላለሁ። ሌላ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። «ውይ፣ ለካ አንድ ነገር ረስቼብሽ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቀላል ነው፣ ቅያሜም አያመጣም። ግን ሦስት ነገር በአንዴ አይረሳም። ነገሩ ትንሽ ቆይቶ ይገባታል። ያኔ ደግሞ የሚያማት ጎደሎው ወረቀት ብቻ አይሆንም፤ ካዘነች በኋላም ዓይኗን እያየሽ መዋሸትሽ ይጨመርበታል። አንቺም የማትተኚበትን ነገር ይዘሽው ትቆያለሽ።

ስትነግሪያት ምሳ ላይ ሌሎቹ ባሉበት አይሁን። ከሥራ ስትወጡ ታክሲ ሳትይዙ በእግር ወደ አራት ኪሎ አብረሻት ውረጂ። የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፍቷል፣ ጎን ለጎን ይኬዳል። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚከብድ ነገር ጎን ለጎን ሲራመዱ ይቀላል። ማብራሪያ አታብዢ። እንዲህ ብትያት ይበቃል፦ «የጻፍኩልሽ አሠራር ሙሉ አልነበረም። ሆን ብዬ ነው ያጎደልኩት። የእናቴን ሙያ ያወጣሁባት መስሎኝ ፈራሁ። ያንቺ እጅ ምንም የለበትም፤ የጎደለው የኔ ወረቀት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ዝም በይ። «ግን እኮ» የሚል ነገር አትጨምሪበት።

ልትቆጣ ትችላለች። ተቆጪ ብለሽ ተያት፤ መብቷ ነው። ጥቂት ቀን ብትዘጋሽም በስጦታና በስልክ አታስጨንቂያት። ትጠላኛለች ብለሽ ፈርተሻል። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ወንበር ላይ አብራሽ ያደረች ሰው ግን በአንድ ወረቀት የምትርቅ አይመስለኝም። ብትርቅም እንኳ እጇን ይዛ ትርቃለች። አማቷ ጋ ደግሞ አንቺ ራስሽ ሄደሽ «ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት እንዳትሞክሪ። ቤቷ ነው። ምን እንደምትነግራቸው እሷ ትወስን።

ይህን ለማድረግ የእናትሽን ፈቃድ መጠበቅ የለብሽም፤ የሳቸው ሚስጥር አይነካም። እናትሽን ግን ለየብቻ አናግሪያቸው። እሑድ ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። «ልኩን ለሰው ልስጥ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ መልሱ የታወቀ ነው። ማን እንደሆነች በመንገር ጀምሪ። «ታመሽ ሳለሽ አብራኝ ያደረችው ልጅ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም እንዲህ አደረግኩ» በያቸው። ከዚያ የትኛውን ብትናገሪ ቅር እንደሚላቸው ጠይቂያቸው። ምናልባት ከጠበቅሽው በላይ እጃቸውን ይፈታሉ። ምናልባት ጨርሶ እንቢ ይላሉ። እንቢ ካሉ እንቢ ነው። ያኔ ለጓደኛሽ በግልጽ «አዘገጃጀቱ የእናቴ ነው፣ እሱን አልነግርሽም፤ ሽሮውን ግን አመጣልሻለሁ» ማለት ትችያለሽ። በግልጽ የተባለ እንቢ እንዲህ ሰው አያሳዝንም ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። እናትሽ አምና ታመው ነበር። ልካቸውን አንቺ ታውቂዋለሽ? ደብዳቤሽ ላይ «ለማንም ነግራ አታውቅም» ብለሻል፤ ማንም ውስጥ አንቺም ካለሽበት ይህ ከሽሮው ወጥ ይበልጣል። የእናቶቻችን ልክ በዓይን ነው። «ይህን ያህል» ይላሉ በእጃቸው እያሳዩ። በሚቀጥለው ሲያዘጋጁ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ከማፍሰሳቸው በፊት በሲኒ እየለካሽ ጻፊው። «ለኔ ብቻ ነው» በያቸው። ሙያ በልብ ይሁን፤ ግን በሁለት ልብ።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ለጓደኛሽ እንደገና ስትጽፊ በዓይን አትጻፊ፤ ቤቷ ባለው የቡና ሲኒ ጻፊላት። እኔ ለብቻዬ መኖር የጀመርኩ ጊዜ የሚያስጨንቀኝ «በመጠኑ» የሚለው ቃል ነበር። መጠኑን ባውቅ መች እጠይቅ ነበር?

እኔ ማታ ከሥራ ስገባ የምሠራውን ልንገርሽ። ለሁለት ለሦስት ሰው ነው። ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጌ እከትፋለሁ። ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት እያማሰልኩ አቁላላዋለሁ። ሊይዝ ሲል ሞቅ ያለ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ይህ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታው ሲጠፋ ግማሽ ሲኒ ዘይት እጨምራለሁ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ ያርርና ይመራል። ለአንድ ሲኒ ሽሮ አራት ሲኒ ውሃ ነው። ሁለት ሲኒ ሽሮ ከሆነ ስምንት ሲኒ ውሃ ማለት ነው። ስድስቱን ድስቱ ውስጥ አፈላለሁ። በቀሪው ሁለት ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ሽሮውን በጥብጬ እያማሰልኩ እጨምረዋለሁ። እንዲህ ሲሆን አይጓጉልም። ከዚያ እሳቱን ቀንሼ 20 ደቂቃ እንዲንተከተክ እተወዋለሁ፤ ቶሎ ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል። ቀጠን እንዲል የምትወድ ከሆነ ውሃ ትጨምርበት። ጨው መጨረሻ ላይ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ነስንሼ እሳቱን አጠፋና እከድነዋለሁ። ሚጥን ሽሮ በርበሬው ውስጡ ስላለ ሌላ አልጨምርም።

ጓደኛሽ ድሬዳዋ ማደጓን ስለጻፍሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የፈላ ውሃዋ ከዚህ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ምስርም ክክም እዚያ ከለመደችው ጊዜ በላይ እዚህ ይቆይባታል። ይህንን ንገሪያት። አዲስ አበባ ከመጣች ወዲህ አልበስል ያላት ነገር ካለ፣ ይህም የእጇ ጥፋት እንዳልሆነ ትወቅ።

ደብዳቤሽ መሃል ደግሞ ሳታስቢው የጻፍሽው አንድ መስመር አለ። ሳምቡሳዋን ትሻሙ ነበር። ታዲያ እጇ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ምን ያከራክራል? ይህን ከማንም በላይ ካንቺ አፍ መስማት አለባት። ከይቅርታው ጋር አትቀላቅዪው፤ ማባበያ ይመስልባታል። ቀን ጠብቀሽ፣ ነገሩ ሲበርድ «ሳምቡሳውን አሳዪኝ» በያት። ተማሪዋ አንቺ ሁኚ። ሊጡን እንዴት እንደምታሳሳው፣ ምስሩን ምን ያህል እንደምታደርቀው ጠይቂያት። ከዚያ ለአምስታችሁም አንድ ሐሳብ ማቅረብ ትችያለሽ። በየሳምንቱ አንዳችሁ ቤት የምትሠሩትን ቀላል ነገር ይዛችሁ ኑና አሠራሩን ንገሩ። ቲማቲም ፍትፍት ይሁን፣ አዚፋ ይሁን፣ ሱፍ ፍትፍት ይሁን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት ይሁን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሁሉም የሚበላውን የሚጨርስበት ጊዜ ነው። ምሳ ሰዓት ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ምሳ ዕቃ ብቻ ሲዞር አንቺንም ሳያስጨንቅሽ አልቀረም።

እሺ ካለችሽ አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሂጂ። የእናትሽን ሽሮ ይዘሽላት ሂጂ። እኔን ወጥ ያስተማረችኝ ካዛንቺስ የነበረች ጎረቤቴ ናት። ሁለት ጊዜ ነግራኝ ሁለቴ አበላሸሁት። በሦስተኛው መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጇን ወደኋላ አጣምራ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ትለኝ ነበር እንጂ ድስቱን አልነካችም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ሽንኩርቱን እሷ ትክተፍ፣ ማማሰያውን እሷ ትያዝ። ሊይዝ ሲል እጅሽ ይበላሻል፤ ቻዪው። ውሃውን ራሷ ጠብ ታድርግ። ድስቱ ሲወርድም መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ትሁን።